ጠያቂ ይዞት የመጣው ክኒን

ድሬ ዳዋ የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ተጎንብሼ የሰው ሱሪ ሳሳጥር የእህቴ ጎረቤት፣ አብሮ አደጌ ፋጡማ ደወለችልኝ። ፋጡማ ሰላምታ የምታሳጥር ሰው አይደለችም፤ የልጄን፣ የጎረቤቶቼን፣ የአዲስ አበባን ዝናብ ሁሉ ሳትጠይቅ ወደ ነገሩ አትገባም። ያን ቀን ግን «ጽጌ፣ እህትሽ ታማለች። ትኩሳት ነው፣ ሦስት ቀን ሆናት። አቦ ሥራውን ተዪውና ነይ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ክው አልኩ።

እህቴ ወይንሸት በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልጨረስኩም ነበር፤ ፋብሪካ ገብታ በፈረቃ እየሠራች ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን ጡረታ ወጥታ ሳቢያን ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። ልጅ የላትም፣ ባሏም ካረፈ ቆይቷል። እሷን ካጣሁ በዚህ ዓለም ላይ «አንቺ ልጅ» ብሎ የሚጠራኝ አይኖርም።

ልብሴን ከማዘጋጀቴ በፊት ያዘጋጀሁት የመድኃኒት ቦርሳዬን ነው። ይኼን ቦርሳ ሰፈሬ ሁሉ ያውቀዋል። ሃያ ዓመት መኪና ላይ የተጎነበሰ ወገብ ስላለኝ ማስታገሻ ከእጄ አይጠፋም፤ ራሱን ያመመው ሁሉ በሬን ያንኳኳል። «ዶክተር ጽጌ» እያሉ ያሾፉብኛል፤ እኔም ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ። ለእታለም የያዝኩላት «ጠንከር ያለውን» ነው፤ ወገቤን ቀጥ የሚያደርግልኝን።

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት

አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሣ፤ ይኼ ራሱ ዜና ነው። አዳማ ላይ አንዲት ሴት ተሳፍራ ከጎኔ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ በፌስታል ዳቦ ይዛለች። ወደ ሂርና እንደምትሄድ ነገረችኝና ግንባሯን ከፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ደፋች።

መተሐራን ስናልፍ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ጉልበታችን ላይ ተቀመጠ። በሐይቁ ዳር ጥቁሩ ድንጋይ ተዘርግቷል፤ ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ ቆሞ በጡሩምባው ይለምናቸዋል። ሴትየዋ ቀና ብላ፣ «አዴ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። መገጣጠሚያዬም ሁሉ» አለችኝ።

ይኼን ጊዜ እኔን ማን ይቻለኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ አንድ ፍሬ ሰጠኋት፤ በውሃዬ ዋጠችው። ሦስት ደግሞ በወረቀት ጠቅልዬ «ማታና ጠዋት ውሰጂ፣ ዓይንሽን ይከፍትልሻል» አልኳት። «ምን መድኃኒት ነው?» አላለችኝም። እኔም «ምን ሕመም አለብሽ?» አላልኳትም። መረቀችኝ፤ ምርቃቱን ተቀብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

አዋሽ ቁርስ በላን። ሚኤሶን አልፈን የጭሮን ዳገት ስንያያዘው አየሩ ቀዘቀዘ፤ በየቁልቁለቱ እርከን እርከን ላይ ጫትና ማሽላ ይታያል። ሂርና የደረስነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ምሳ የበላሁበት ቤት ጥብሱን በጎማ አልለወጠውም ብዬ አልምልም፤ ዋጋው ግን የአዲስ አበባን አስናቀኝ። ሴትየዋ ገና እንደቆምን ፌስታሏን ይዛ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የአውቶቡሱን ደረጃ በቀስታ ወርዳ ነበር። ርቧት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከታች ሆና እጇን አወዛወዘችልኝና በጫት ነጋዴዎቹ መሃል ገባች።

ከቁልቢ በኋላ ደመናው እስከ መንገዱ ወርዶ ነበር። ደንገጎ ላይ ግን ቁልቁለቱ ይጀምራል። በእያንዳንዱ ጥምዝ አንድ ልብስ ታወልቃለህ፤ ሹራብ የለበሰው ሁሉ ታች እስኪደርስ በሸሚዝ ቀረ። ድሬ ከነአቧራዋ፣ ከነቆርቆሮ ጣሪያዋ ከሥር ብቅ ስትል ልቤ እንደ ልጅነቴ መታ። አሥር ሰዓት ላይ ገባን።

ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት ተኩል፣ ሳቢያን

ባጃጁን የሚነዳው ጎልማሳ ሻንጣዬን እያየ «ከሸገር ነሽ?» አለኝ። «የዚሁ ልጅ ነኝ» አልኩት። «እና ሰፈርሽ ሁሉ ተኝቷል በይኛ» አለ፤ «ከየቤቱ አንድ ሰው በትኩሳት ወድቋል። ደንጊ ነው ይላሉ። ትንኟ አቦ ቀን በቀን ነው የምትነክሰው!» በየግቢው ውሃ የተጠራቀመበት በርሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሚል የሌለው ማን አለ?

እታለም አልጋዋን ወደ ግቢ አውጥተውላት ከኒሙ ዛፍ ሥር ተኝታለች። አንገቷ ቀጥኗል፣ ጉንጯ ገብቷል። ግንባሯን ስዳብሰው እጄን ፈጀኝ። እሷ ግን ትኩር ብላ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ከሳሽ» አለችኝ። ማንን ነው ከሳሽ የምትለው!

ዙሪያዋን ጠያቂ ሞልቷል። የድሬ ሰው የታመመ ሲጠይቅ ከሩቅ አይደለም፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ እግርሽን እያሸ፣ የራሱን ሕመም እየተረከ ነው። ፋጡማ በግርጌዋ ተቀምጣለች። ጋሽ ተስፋዬ የሚባሉት የባቡር ጡረተኛ ወንበራቸውን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል። አስካለ፣ የእድሯ ሰው፣ ሾርባ እያቀዘቀዘች ነው። ብርቱካን ያመጣ ሰው አላየሁም። በትራስጌዋ ባለች የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ግን የተቆረጠ፣ የታጠፈ፣ በወረቀት የተጠቀለለ መድኃኒት አየሁ።

«ጤና ጣቢያ ወስደናታል» አለችኝ ፋጡማ። «ወባ የለም አሏት። ለትኩሳቱ የሚሆን ሰጥተው፣ ውሃ ጠጪ፣ ከባሰሽ ተመለሺ አሏት። አብሽሪ፣ ኢንሻ አላህ ትነሣለች።»

«እነሱ የሰጧት ብቻውን መቼ ይበቃል» አልኩ እኔ ዶክተሯ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጠያቂው ሁሉ አየኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ መድኃኒት ነዋ! ሁለት ፍሬ በመዳፌ አድርጌ ሰጠኋት።

እታለም ክኒኑን አየች፣ እኔን አየች። «አሁን ነው የምውጠው?» አለች።

«እስክትውጪው ከዚህ አልነቃነቅም።»

በሁለት ጉንጭ ውሃ አወራረደችው። ከዚያ በፊት ያላስተዋልኩት ድካም ፊቷ ላይ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት

ጠዋት ትኩሳቷ በርዶ አገኘኋት። ልብሷ በላብ ረጥቧል፤ ግን ቁጭ ብላለች። «ተሻለኝ መሰለኝ» ስትል ደስታዬ ወሰን አጣ። ሁለት ፍሬ ደግሜ ሰጠኋት። ፋጡማ በአጥሩ በኩል ብቅ ስትል፣ «አየሽ የኔን መድኃኒት!» አልኳት። ይኼን ቃሌን ሳስታውሰው ዛሬም እሸማቀቃለሁ።

በደስታዬ ብዛት ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። የዳቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ያንፀባርቃል። በበሩ ውስጥ የኦሮሞ ሴቶች ሎሚና ፓፓያ ደርድረዋል፤ አንዷ በኦሮምኛ ትጠራሃለች፣ በሶማልኛ ትከራከርሃለች፣ በአማርኛ ሒሳቡን ትጨርስልሃለች። ብርቱካን በኪሎ ሁለት መቶ ብር ገዛሁ፤ ውድ ነው ብዬ ተጨቃጨቅኩ። ፈጢራም በማር አስጠቅልዬ ያዝኩላት። ጠዋት ሁለት ጉርሻ በልታልኝ ነበርና ዛሬስ ትበላለች ብዬ ነው።

ስመለስ እታለም በልጅነታችን እንደምናደርገው በመፋቂያ ጥርሷን ልታጸዳ ስትል ደም በደም ሆና አገኘኋት። የድዷ ደም አይቆምም፤ ነጭ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጥቧል። ከዚያ ማስመለስ ጀመረች። የጠጣችው ውሃ፣ ከውሃው በኋላ ቢጫ ነገር። በቀኝ በኩል ከጎድኗ ሥር እጇን ጭና «እዚህ ጋ ወግቶ ያዘኝ» አለች።

«ማስመለሱን የሚያቆም ነገር ላምጣልሽ» ብዬ ሮጥኩ። ይኼም የኔው ነገር ነው፤ ለሁሉ ነገር አንድ ክኒን አለ ብዬ ነው የማስበው።

ረቡዕ፣ 7 ሰዓት

ድሬን የማያውቅ ሰው ሰባት ሰዓት ላይ መድኃኒት ፍለጋ ይውጣ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ከተማው ጥላ ሥር ገብቷል፤ ምሳውን በልቶ ጫቱን ይዞ ከአሥር ሰዓት በፊት ላይነሣ ተጋድሟል። በአስፋልቱ ላይ እኔና ጥላዬ ብቻ ነበርን። ሁለት ፋርማሲ ዘግቶ አገኘሁ። ሦስተኛው በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣ ታነባለች። ነጭ ጋውኗ ላይ ሂክማ የሚል ስም ተሰፍቷል። «እህቴን እያስመለሳት ነው፤ የሚያቆምላት ስጪኝ» አልኳት። አልተነሣችም።

«ትኩሳት ነበራት?»

«አምስተኛ ቀኗ ነው። ዛሬ ግን በርዷል።»

መጽሐፏን ዘጋች። «እስካሁን ምን ወሰደች?»

ከትናንት ጀምሮ አጠገቧ ነበርኩ፤ ስንት ጊዜ «ተሻለሽ ወይ?» ብያታለሁ፣ ሰውም ሁሉ ብሏታል። «ምን ወሰድሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «የጤና ጣቢያ መድኃኒት አላት፤ ከዚያ... ሰዎችም አምጥተዋል» አልኩ።

«ምን አመጡ?»

«አላውቅም።»

«ማዘር፣ ሂጂና ያለውን ሁሉ አምጪልኝ። ክኒኑ ያለቀበትን ማሸጊያ፣ ልጣጩን ጭምር። ሰው ጠርተሽም እሷን ለመንገድ አዘጋጂያት። ድዷስ ደምቷል?»

እኔ ስለ ድዷ አልነገርኳትም ነበር። «አዎ» ብያት ሮጬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ቆርቆሮዋን አነሣሁ። «እታለም፣ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ነው የምትወስጂው?»

«ሁሉንም» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሁሉንም ማለት?»

«ነጩ ትልቁ የፋጡማ ነው፣ ከወደ ጅቡቲ ወንድሟ የላከላት። ለትኩሳት ነው። የጋሽ ተስፋዬ ባለ ሁለት ቀለሙ ነው፣ ለጉንፋን። አስካለ ያመጣችው በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠው ነው፣ ሎሚ ሎሚ የሚለው። የጤና ጣቢያውም አለ። ያንቺም አለ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ጠዋት ፋጡማ ትመጣለች፣ የሷን እውጣለሁ። ቀን ጋሽ ተስፋዬ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ማታ አስካለ ራሷ በጥብጣ ታጠጣኛለች።»

«ለምን? ለምን በቃኝ አላልሽም?»

«ምን ልበላቸው?» አለች። «ሰው ለራሱ ያስቀመጠውን አምጥቶ ፊቴ ላይ ቆሞ፣ አልውጥም ልበለው? አንቺስ ብትሆኚ? ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተሽ?»

ያቺ ማክሰኞ ፊቷ ላይ ያለፈችው ድካም ገባችኝ።

ፋርማሲው ስመለስ ሂክማ ያመጣሁላትን መደርደሪያው ላይ ዘረገፈችው። ልጣጩን ወደ ብርሃን እያስጠጋች አነበበች፤ ስሙን አይደለም፣ ከስሙ በታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ። አንድ በአንድ ወደ ግራ ገፋች፦ የጤና ጣቢያውን፣ የፋጡማን፣ የጋሽ ተስፋዬን፣ የአስካለን ከረጢት።

«እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው» አለችኝ። «ፓራሲታሞል። ስሙ ይለያያል፣ ቀለሙ ይለያያል፣ ውስጡ አንድ ነው። ጉንፋን የሚለውም አለበት፣ የሚበጠበጠውም አለበት። ይኼ ነጩ ደግሞ አንዱ ፍሬ የጤና ጣቢያውን ሁለት ፍሬ ያህላል። በልኩ ለወሰደው ደህና መድኃኒት ነው፤ እኔም እሰጣለሁ። ለትልቅ ሰው ባለ አምስት መቶው በቀን ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ለከሳ፣ እህል ላልቀመሰ ሰው ከዚያም ያንሳል። እህትሽ በቀን ስንት እንደወሰደች አስቢው።»

እታለም ከነገረችኝና ካለቀው ልጣጭ እየገመትኩ በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት አካባቢ ስደርስ ተውኩት።

«ሲበዛ የሚጎዳው ጉበትን ነው። መጀመሪያ ምንም አይመስልም፣ በሁለተኛ በሦስተኛው ቀን ነው የሚታየው። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት። ማስመለሱን እዚህ አናቆመውም።»

ቀኝ እጇ ሥር አንድ ልጣጭ ብቻውን ቀርቶ ነበር። አነሣችው።

«ይኼ ዲክሎፌናክ ነው። ደንጊ ሊሆን በሚችል ትኩሳት ይኼም፣ አይቡፕሮፌንም፣ አስፕሪንም አይሰጥም። ደም ያስፈስሳል። ትኩሳቱ በረደ ብለሽ ደስ ብሎሻል፤ ደንጊ ላይ ግን አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልክ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ይኼን ማነው የሰጣት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጣጩን በወረቀት ጠቅልላ «ለሐኪሙ ሁሉንም አሳዪ፤ አንድም እንዳትደብቂ» አለችኝ።

ከረቡዕ እስከ እሑድ፣ ሆስፒታል

በባጃጅ ወሰድናት። ፋጡማ ከኋላ አቅፋት፣ እኔ ከፊት ቆርቆሮዋን ታቅፌ። ፋጡማ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም፤ የነገርኳት ገና ስንሳፈር ነበር።

ሐኪሙ ልጣጮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ስንት ስንት እንደወሰደች፣ የመጨረሻውን መቼ እንደወሰደች ጠየቀ። ደም ተቀዳ። ደንጊ ነው፤ ደምን የሚያረጋው የደም ክፍል በጣም ወርዷል፣ ጉበቷም ተጎድቷል። «የፓራሲታሞሉን መርዝ የሚያከሽፍ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው። እኛ ጋ ለዛሬ አልቋል። ከውጭ ፈልጉ» አለና ወረቀት ጻፈልን።

ወረቀቱን ከእጄ የነጠቀችኝ ፋጡማ ናት። እንዲያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ከዚራን፣ መጋላን፣ ሳቢያንን አዳርሳ፣ የተዘጋውን እያንኳኳች፣ የተኛውን ፋርማሲስት ከምርቃናው እየቀሰቀሰች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ መድኃኒቱን በደረቷ ይዛ ተመለሰች። ግሉኮሱ ላይ ተጨምሮ መንጠባጠብ ሲጀምር መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ወላሂ ጽጌ፣ ለራሴ ያስቀመጥኩትን ነው የሰጠኋት። እናቴ ብትሆን የማደርግላትን ነው ያደረግኩት። በእጄ መርዝ አጠጣኋት።»

«በእጅሽማ ፓራሲታሞል ነው የሰጠሻት» አልኳት። «ደም የሚያፈሰውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደግሞ እስክትውጥ ቆሜ።»

እኔና እሷ ከልጅነት ጀምሮ ማን የበለጠ አጠፋ እያልን ተጣልተን እናውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን መካሰሱን የፈለገ የለም።

ሐሙስ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆነ። ነርሷ ገብታ ስትወጣ ፊቷን ነው የማነበው። እታለም ትነቃለች፣ ታንቀላፋለች፤ አንዴ ስትነቃ «ፈረቃዬ ደርሷል፣ ልጅቷን ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ። ልጅቷ እኔ ነኝ። «እኔ እይዝልሻለሁ» አልኳትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ፈጣሪን ብዙ ነገር ለምኜው አላውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመንኩት። የኔን ስህተት እሷ ላይ አትቁጠር አልኩት።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከሌላ በሽተኛ ጋር የመጣች ነፍሰ ጡር ሴት አጠገባችን ተቀመጠች። ደክሟት ስለነበር እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በቀስታ ነው የተቀመጠችው። ይኼን አቀማመጥ የት ነው ያየሁት ብዬ ሳስብ ሂርና መጣብኝ። ሰፊ ቀሚስ። አንድ እጅ ሆድ ላይ። በቀስታ የተወረደ ደረጃ። ተነሥቼ ነርሷን ተከትዬ ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። «ዲክሎፌናክ ለእርጉዝ ሴት ይሰጣል?»

«ሐኪም ሳያያት? አይሰጥም። በተለይ ወሯ ከገፋ ለፅንሱ አደገኛ ነው። ጨጓራውን ለቆሰለ፣ ኩላሊቱን ላመመውም እንዲሁ አይሰጥም። ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው» አልኳት። ግን ዝም ብዬ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ የደም ውጤቱን እያየ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። የወረደው መውጣት ጀምሯል፤ ጉበቷም ወደ ኋላ መመለስ ይዟል። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የማወራችሁ» አለን። እሑድ እታለም ብርቱካን ጠየቀች። ያ በሁለት መቶ ብር የተጨቃጨቅኩበት ብርቱካን ደርቆ ነበር፤ ፋጡማ አዲስ ገዝታ መጣች። አንዱን ሙሉ በላች። እሰይ የሚል ቃል ለምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ሳቢያን

ሰኞ ወጣች። በማግስቱ ግቢው እንደገና በጠያቂ ሞላ፤ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ሊሉ ነው የመጡት። ጋሽ ተስፋዬ ወንበራቸውን ይዘው መጡ፣ ግን አልተቀመጡም። በርሚሎቹን በሙሉ በወንፊት ጨርቅ ሸፍነው፣ በገመድ አስረው ሲጨርሱ ነው ላባቸውን የጠረጉት። ከዚያ ኮታቸው ኪስ ገብተው አንድ ነገር ሊያወጡ ሲሉ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። መሐረብ ነበር።

እታለም ሳቀች። ጎድኗን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ከእንግዲህ የማን መድኃኒት የተሻለ ነው ብላችሁ አትወዳደሩብኝ» አለቻቸው። «ከመጣችሁ ውሃ አጠጡኝ። ብርቱካን አምጡ። መድኃኒት ከሆነ ግን ልጣጩን ይዛችሁ ሂክማ ጋ ሂዱና እሷ ታንብበው።» ከዚያ እኔን አየችኝ፤ «ይኼ ለአንቺም ነው፣ አንቺ ልጅ።»

ረቡዕ፣ መልስ

ሾፌሩ ሂርና ለምሳ ሲያቆም ምሳ አልበላሁም። የመድኃኒት ቦርሳዬ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ባዶ ነው፣ የነበረውን ሁሉ ሂክማ ጋ ትቼው መጥቻለሁ። በጫት ተራው ገባሁ። ዳቦ የምትሸጥ ሴት ጠየቅኩ፣ የምግብ ቤቱን ባለቤት ጠየቅኩ፤ «ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከአዳማ የመጣች፣ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች፣ ምናልባት ነፍሰ ጡር...»

«ስሟ ማን ነው?» አለችኝ ባለ ዳቦዋ።

«አላውቅም።»

«የማን ልጅ ናት?»

«አላውቅም።»

«እና ምንሽ ናት?» አለችኝ፣ በደግነት ነው። አውቶቡሱ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ በየሱቁ በር ላይ የሴት ፊት እያየሁ ዞርኩ። አንዷ ስትመስለኝ ሮጥኩ፤ አልነበረችም።

አዲስ አበባ

ማታ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ገና የስፌት ቤቴን በር ከመክፈቴ ጎረቤቴ መጣች። «ዶክተር መጣሽ? ራሴን ይዞኛል፣ ከዚያችው ነገርሽ አንድ ፍሬ ስጪኝ።» አስቀመጥኳት። «እስካሁን ምን ወሰድሽ?» አልኳት። ሌሊት ለጉንፋን ሁለት፣ ጠዋት ደግሞ ከባሏ ኪስ አንድ ወስዳለች። ስማቸውን አታውቅም፣ ልጣጩም ተጥሏል። ጨጓራ እንዳለባትም የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ አሥር ዓመት በጉርብትና ኖረን፣ ስንት ጊዜ ያንን ጠንካራውን ሰጥቻታለሁ! ውሃ ሰጠኋትና ወደ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ሰፈሬ «ዶክተሯ ሥራ ለቀቀች» እያለ ያሾፍብኛል፤ ይሁን።

ባለፈው እሑድ እታለም ደወለችልኝ። ድምፅዋ የዱሮው ሆኗል። «አቦ፣ ሰለቹኝ» አለችኝ፤ «ራሴን ትንሽ አመመኝ ያልኩ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ምን ወሰድሽ፣ ስንት ወሰድሽ፣ መቼ ወሰድሽ! ፋጡማማ ፖሊስ ሆናለች።» እየሳቅኩ አለቀስኩ። በሕይወት ያለች እህት ስትማረር መስማት ምን ያህል ደስ እንደሚል ሌላ ጊዜ እነግራታለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ለእታለም ይኸው እደውላለሁ፣ ትመልስልኛለች፣ ትቆጣኛለች። ሂርና ላይ ለወረደችው ሴት ግን የምደውልበት ቁጥር የለኝም። እሷም ከኔ ያላት በወረቀት የጠቀለልኩላት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው።